የተላገው እንጨት

በቬርሳይ ቤተ መንግሥት አትክልት ውስጥ፣ በታላቁ ቦይ ዳር፣ ከቬኒስ የመጡ ጀልባ ቀዛፊዎች የሰፈሩባት ትንሽ መንደር ነበረች። በዚያች መንደር ከዞርዚ የተሻለ ቀዛፊ አልነበረም፤ ከዞርዚ የባሰ ተጠራጣሪም አልተገኘም። ሾርባው ከቀጠነ ሚስቱን ኦርሶላን፣ ዝናብ ከዘነበ ፈረንሳዮቹን፣ ጀልባው ከዘገየ የንጉሡን ዳክዬዎች ይጠረጥራል። ምን ያድርግ? ዕድሜው ወደ ስልሳ ተጠግቷል። ጉልበቱ የከዳው ቀዛፊ በማግሥቱ ይሰናበታል፤ ቤቱም የንጉሡ ነውና አብሮ ይለቀቃል።

የቬኒስ ሰው ቆሞ ነው የሚቀዝፈው። መቅዘፊያውን የሚያሳርፍበት፣ ከጀልባው ጎን የሚሰካ፣ እንደ ክርን የታጠፈ እንጨት አለው። ይህ እንጨት እንደ ልብስ በልክ፣ በባለቤቱ ቁመትና ክንድ ይሠራል። ወንድም እንኳ የወንድሙን አይነካም! ታዲያ አንድ ጠዋት ዞርዚ እንጨቱን ቢዳብስ ክው አለ። ተልጓል… አንድ ጣት ያህል ዝቅ ብሏል!

«የኔን ልክ ማን ነካ?»

«አባባ፣ አንተ ረዝመህ እንዳይሆን» አለ ከፊት የሚቀዝፈው ልጁ አንዞሎ፣ የሃያ ሁለት ዓመት ወጣት።

ወይ ቀልድ! ዞርዚ ከዚያች ቀን ወዲህ የልጁን ሳቅ፣ የልጁን ዝምታ፣ የልጁን ሳል ሳይቀር ይመረምር ጀመር። ቦታዬን ሊወርስ ነው! በሦስተኛው እሑድ ከቅዳሴ መሀል ሾልኮ ወደ ጀልባው ቢሮጥ፣ አንዞሎ ተንበርክኳል፤ ቢላዋ በእጁ፣ ፍቅፋቂው በጉልበቱ ላይ።

የዞርዚ ጩኸት ሰፈሩን ሁሉ አወጣ። የጀልባዎቹ አለቃ ሙሴ ላቫርድም መጣ፤ ዞርዚ ልጁን በጣቱ ጠቆመው። «የንጉሡን ጀልባ ያበላሸኸው አንተ ነህ?»

ኦርሶላ አፏን ከፈተች… ልጇ በዓይኑ ለመናት። ዘጋችው።

«አዎ ሙሴ፣ እኔ ነኝ» አለ አንዞሎ።

«ለምን?»

«የአባቴን ቦታ ፈልጌ።»

እናትና ልጅ፣ ጥቂት ቀን ታስሮ ይለቀቃል ብለው ነበር። የተፈረደበት ግን ሦስት ዓመት ሆነ፤ በማርሴይ፣ በንጉሡ የጦር መርከብ፣ በሰንሰለት ታስሮ ሊቀዝፍ! ወይዛዝርትን በሙዚቃ ያንሸራሸረ ልጅ፣ ከወንበዴ ጋር ተቆራኝቶ በእግሩ ተነዳ።

ያን ጊዜ ኦርሶላ ፈነዳች። «አንተ ሰውዬ፣ ሸሚዝህን ማን ነው የሚያለብስህ? ቀኝ እጅህ ከደረትህ በላይ አልወጣ ካለ ስንት ወሩ? ልጄ እንጨቱን ዝቅ ያደረገው አንተ እንዳትባረር ነው! ብንነግርህስ ትሰማን ነበር? እኔንም ‹አባባን አታዋርጂው› ብሎ ነው አፌን ያዘጋኝ!»

«ተማክራችሁብኛል» አለ ዞርዚ። አላመናትም።

በሳምንቱ በቀድሞው ልኩ አዲስ እንጨት ተሠርቶለት፣ ሦስት ወይዛዝርት አሳፍሮ ወጣ። መቅዘፊያውን ሊያነሳ ሞከረ። ክንዱ ደረቱ ድረስ መጣና ቆመ። ደግሞ ሞከረ… እምቢ! ጀልባው ከድንጋዩ ዳርቻ ተላተመ፤ የአንዷ ባርኔጣ ውኃ ውስጥ ገባ። ዞርዚ እዚያው ተንበርክኮ «ልጄን! ልጄን!» እያለ ተንሰቀሰቀ። «ጣሊያኖች ለባርኔጣ እንዴት ያለቅሳሉ!» ብለው ወይዛዝርቱ ሳቁ።

አለቃው እግር ላይ ወድቆ ሁሉን ተናዘዘ። ተባረረ፤ ቤቱንም ለቀቀ። የልጁ የምሕረት ደብዳቤ በሦስተኛው ሳምንት ሲወጣ፣ ፖስተኛውን ስለጠረጠረ ራሱ ይዞት ገሰገሰ። ማርሴይ ደርሶ የልጁን ስም ሲጠራ አንድ እስረኛ ብቻ መለሰለት፦ «ያ ቬኒሳዊ? በንዳድ ሞተብን፤ ልንደርስ ሁለት ቀን ሲቀረን መንገድ ዳር ቀበርነው። ደግ ልጅ ነበር። ምን አጥፍተህ ነው ስንለው ‹እንጨት ስሰርቅ ተያዝኩ› ይለን ነበር።»

ለእስረኛ ጓደኞቹ እንኳ የአባቱን ነገር አላወጣም!

ኦርሶላ በሰው በረንዳ ተጠግታ ስትጠብቀው፣ ከሩቅ ብቻውን ሲመጣ አየችው።

«ደረስክበት?»

«ደረስኩ። አፈሩ ገና አልደረቀም ነበር።»

አይ ዕድል! ጠላት የገደለበት ሰው ጎረቤት ተሰብስቦ አብሮት ያለቅሳል። የሚወደውን ልጁን በገዛ ጣቱ ጠቁሞ ላስረከበ አባት ግን፣ ማን ነው እንባ የሚያበድረው?