ሰማያዊ መስመር ያለበት አንሶላ

«ጫፉን ያዢልኝ» አላት አልቪዜ፣ ስታዲየም ውስጥ አብረዋት ቡድኑን ከሚደግፉት ልጆች አንዱ። ኖኤሚ ጨርቁን ገና ስትነካው አወቀችው። ዳሩ ላይ ሰማያዊ መስመር ያለበት የቤታቸው አንሶላ ነው። ለባነር የሚሆን ጨርቅ ጠፋ ሲሏት ከቁም ሳጥን አውጥታ የሰጠቻቸው ራሷ ናት። ምን እንደሚጻፍበት አልጠየቀችም፤ ሁሌም ቡድኑን የሚያበረታታ ነገር ነበር የሚጻፈው።

አሁን በቀይ ቀለም «ብራንዳሊዜ ውጣልን» ይላል። ብራንዳሊዜ አባቷ ነው።

አባቷ የዚህ ቡድን አምበል በነበረ ጊዜ፣ እዚሁ ከጎሉ ጀርባ ስሙ ይዘመር ነበር። አሰልጣኝ ሆኖ ሲመለስ ግን ዘፈኑ ጥቂት ወራት እንኳ አልቆየም። ዛሬ ጠዋት ቁርስ ላይ ጋዜጣውን አጥፎ፣ የክለቡ ፕሬዝዳንት «በአሰልጣኛችን ሙሉ እምነት አለን» ማለታቸውን ነገራት።

«በቃ፣ አበቃልኝ ማለት ነው» ብሎ ሊስቅ ሞከረ። እዚህ አገር አሰልጣኝ እንዲህ ከተመሰገነ ሻንጣውን ማዘጋጀት ነው ያለበት። ኖኤሚም ልትስቅለት ፈልጋ አቃታት።

«ይሄንን አልይዝም» አለችው አልቪዜን።

«አቦ አታካብጂ! ሁላችንም እያየንሽ ነው። ከኛ ጋር ነሽ ወይስ ከሱ?»

ከነዚህ ልጆች ሌላ ጓደኛ የላትም። ጫፉን ያዘች፤ ወዲያው በራሷ አፈረች።

ቡድኑ እንደፈሩት ተሸነፈ። ደጋፊው እንደ ልማዱ «ወደዚህ ኑ!» እያለ ጮኸ፤ የተሸነፈ ቡድን ከፊቱ ቆሞ ስድቡን ይቀበላል። ተጫዋቾቹ መሃል ሜዳ ላይ ቀሩ። አባቷ ብቻውን መጣ። ካፖርቱ በዝናብ በስብሷል። ቀና ብሎ ባነሩን አነበበ፤ ቀጥሎ ሰማያዊውን መስመር አየ፤ መስመሩን ተከትሎ ዓይኑ እሷ ላይ አረፈ።

ኖኤሚ ጫፉን ጣለችው። አልቪዜ «ምን ነካሽ?» ሲላት እሷ እስከ አጥሩ ወረደች።

«አባዬ፣ አንሶላውን የሰጠኋቸው እኔ ነኝ። ምን እንደሚጽፉበት አላወቅኩም ነበር።» ቀጥሎ ያለውን መናገር ከበዳት። «ካነበብኩት በኋላም ግን ያዝኩት።»

«እናትሽ ስትፈልገው ነበር» አላት አባቷ። «ሂጂ፣ ጓደኞችሽ ይጠብቁሻል። እኔንም ፕሬዝዳንቱ ይጠብቁኛል።»

ከላይ አልቪዜ ይጠራታል። ኖኤሚ ወደ ላይ አልተመለሰችም። ዞራ ሄዳ ከመልበሻ ክፍሉ በር አጠገብ ዝናቡ ላይ ቆመች። ደጋፊው ሁሉ የሚወጣው በዚያው በኩል ስለሆነ እያያት አለፈ፤ አንዳንዱም አፌዘባት። አባቷ ከሥራው ተሰናብቶ፣ የክለቡን መኪና ቁልፍ አስረክቦ ነው የሚወጣው። ቤታቸው ሩቅ ነው፤ ዛሬ በእግራቸው አብረው ይሄዳሉ።