ከውጭ ብቻ የሚከፈት በር

ብታምኑኝም ባታምኑኝም፣ ይህ ከሰው የሰማሁት ወሬ አይደለም። በራሴ ላይ የደረሰ ነው።

ሰዓቱ ከቀኑ ስምንት። ፀሐይዋ አናት ትበሳለች። ቦታው ከአገራችን ርቆ የሚገኝ የሕፃናት ማሳደጊያ።

ሌሊት ቢሆን ኖሮ «ቅዠት ነው» ብዬ እተወው ነበር...

ከቤተ ክርስቲያናችን ለበጎ ፈቃድ ሥራ የሄድን ጥቂት ሰዎች ነበርን። የሚመሩን መጋቢያችን ናቸው። ታናሽ እህቴ ነርስ ስለሆነች ልጆቹን ልትመረምር፣ እኔ ደግሞ ልብስ ሰፊ ስለሆንኩ መጋረጃና አንሶላ ልሰፋ አብረን ሄድን።

ገና ግቢውን ስረግጥ አንድ ነገር ልክ አልመሰለኝም።

ልጆቹ አይጮሁም። አይሯሯጡም። ከረሜላ ስናወጣ እንኳ አንዱም ቀድሞ እጁን አልዘረጋም።

«እንዴት ያሉ ጨዋ ልጆች ናቸው» አሉ መጋቢ።

እህቴ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለች። «ይሄ ጨዋነት አይደለም። ፍርሃት ነው።»

ሞግዚቷ ቃል የሚከፈልበት ይመስል ዝም የምትል ሴት ናት። ልጆቹ ቀን ቀን የሚተኙበትን ክፍል አሳየችኝና ከአገር አብሮን በመጣው አስተርጓሚ በኩል አንድ ነገር ብቻ ተናገረች።

«ልጆቹ ሲተኙ ትልቅ ሰው ውስጥ አይቆይም። በሩ ይዘጋል። ደወል ሲደወል ይከፈታል።»

«ለምን?» አልኳት።

አስተርጓሚው ጠየቃት። እሷ ግን ልጆቹን ልትሰበስብ ሄደች...

በማግስቱ መሰላል ላይ ወጥቼ የመጨረሻውን መጋረጃ እሰቅል ነበር። መስኮቱ ከውጭ በጣውላ ተመትቷል። «ብርሃን ለማያስገባ መስኮት መጋረጃ ምን ያደርግለታል?» እያልኩ ከራሴ ጋር ሳወራ፣ ልጆቹ ድምፅ ሳያሰሙ ገብተው ተኝተዋል። እኔ በጨርቁ ተከልያለሁ፤ ሞግዚቷ አላየችኝም።

ጓ...

በሩ ተዘጋ።

ወረድኩና እጄን ወደ መያዣው ሰደድኩ።

መያዣ የለውም። በውስጥ በኩል ያለው ልሙጥ ብረት ብቻ ነው።

ስልኬ እህቴ ጋ ነው። ላንኳኳ እጄን አነሳሁ...

«አታንኳኪ።»

ሹክሹክታ ነበር። በአማርኛ።

በዚያ አገር ከእኛ በቀር አማርኛ የሚናገር ሰው አላጋጠመንም።

ዞርኩ። በጣውላው ስንጥቅ በሚገባው ጭላንጭል ይታዩኛል፤ ልጆቹ ሁሉ በአንድ ጎናቸው፣ እስከ ፊታቸው ተሸፋፍነው ተኝተዋል። አንድም የሚንቀሳቀስ የለም።

«ማነው?» አልኩ ቀስ ብዬ።

«እትዬ... ተኚ። ከቆምሽ ያይሻል።»

«ማነው የሚያየኝ?»



ጥግ ላይ አንድ ባዶ አልጋ ነበር። ሄጄ ተጋደምኩና አንሶላውን ፊቴ ላይ ሳብኩት። የልጅ አልጋ ስለሆነ እግሬ ወጥቶ ቀረ።

ፍራሹ ይሞቅ ነበር። ማንም ያልተኛበት ፍራሽ...

ያኔ ከመሰላሉ ሥር ድምፅ ሰማሁ።

የስፌት ሜትሬን እዚያ ወለሉ ላይ ትቼው ነበር። ጫፉ ላይ ያለው ቆርቆሮ ሲንኳኳ አውቀዋለሁ፤ እንጀራዬ ነው።

ቀጭ... ቀጭ...

ከመጀመሪያው አልጋ ጀመረ። ይቆማል። ፀጥ ይላል። ወደሚቀጥለው ያልፋል።

ልጆቹን እየለካቸው ነው።

ኮቴ የለም። ትንፋሽ የለም። ቆርቆሮው ብቻ እየቀረበ፣ እየቀረበ...

እኔ ጋ ደረሰ።

የሜትሩ ጫፍ ተረከዜ ላይ አረፈ። ይቀዘቅዛል። በጉልበቴ፣ በሆዴ፣ በደረቴ ላይ ቀስ ብሎ ወጣ። አናቴ ጋ ሲደርስ ቆመ።

ጸሎት ልጀምር ብል ቃሉ ጠፋብኝ።

ከዚያ እንደገና ከተረከዜ ጀመረ።

በሥራዬ ብዙ ሰው ለክቻለሁ። አንድን ሰው ሁለተኛ የምለካው ጨርቁን ልቆርጥ ስል ብቻ ነው...

ደወሉ ተደወለ።

በሩ ሲከፈት እህቴ ከሞግዚቷ ጋር ቆማለች። «የት ጠፍተሽ ነው? ግቢውን ስናስስ...» ብላ ጀመረችና ፊቴን ስታይ ተወችው።

ሜትሩ በሥርዓት ተጠቅልሎ ደረቴ ላይ ተቀምጦ ነበር።

የሆነውን ሁሉ ለእህቴና ሮጠው ለደረሱት ለመጋቢና ለአስተርጓሚው ነገርኳቸው። ልጆቹንም በአስተርጓሚው አስጠየቅኳቸው። «በአማርኛ ያናገረኝ ማነው?»

ሁሉም አንገታቸውን ደፉ። አንዲት ትንሽ ልጅ ብቻ በቋንቋዋ የሆነ ነገር አጉተመተመች። የአስተርጓሚው ፊት ተለዋወጠ።

«ምን አለች?»

«እኛ እዚያ ውስጥ ትንፍሽ አንልም... አለች።»

«እና ማነው ተኚ ያለኝ?»

ጠየቃት።

«ካልተኙለት መለካት አይችልም... ነው የምትለው።»

ሞግዚቷ ይህን ስትሰማ ልጅቷን በእጇ ይዛ ወሰደቻት።

መጋቢ ሊያረጋጉኝ ሞከሩ። «ልጄ፣ ሙቀቱ ነው። ደክሞሻል።» አፋቸው ይህን ይበል እንጂ ወደዚያ በር ዳግም አልተጠጉም። ወዲያውኑ ሻንጣችንን እንድንሸክፍ ነገሩን። ለምን እንደሆነ ማንም አልጠየቀም።

አውቶቡሱ እስኪመጣ ግቢው ውስጥ መቆም አቃተኝ። አጥሩ ሁሉ ወደ እኔ የሚጠጋ ይመስለኛል። እህቴ እጄን ይዛ፣ «አይዞሽ፣ አለሁልሽ፣ አለሁልሽ» ትለኝ ነበር። ልጅ ሆነን እኔ ነበርኩ ለእሷ እንደዚያ የምላት።

ተሳፈርን። መጨረሻ ወንበር ላይ ጎን ለጎን ተቀመጥን። ጣቶቼን አጥብቃ እንደያዘች ነው።

ሾፌሩ ሞተሩን አስነሳ። በሩ ጥርቅም ሲል ትንፋሼ መለስ አለ። አለፈ አልኩ።

ያኔ ከግቢው ጩኸት ተሰማ።

በኋላው መስታወት ዞረን አየን።

የመኝታ ክፍሉ በር ተከፍቷል። ደፉ ላይ አንዲት ሴት ከሞግዚቷ እጅ ለማምለጥ ትታገላለች።

ቁመቷ የእኔ ቁመት ነው። ልብሷ የእኔ ልብስ ነው። ፊቷም...

እያለቀሰች የእህቴን ስም ትጣራለች። መታወቂያዋ ላይ ያለውን አይደለም። ለብቻችን ስንሆን እኔ ብቻ የምጠራትን የቤት ስሟን።

«እህቴ... ጥለሽኝ አትሂጂ...»

አውቶቡሱ ተንቀሳቀሰ።

እህቴ ሴትየዋን አየች። ቀስ ብላ ፊቷን ወደ እኔ መለሰች፣ ለረጅም ጊዜም አየችኝ።

ከዚያ ጣቶቼን አንድ በአንድ ለቀቀችና ከባዕድ እንደምትሸሽ ሁሉ ወደ መስኮቱ ተጠግታ ተቀመጠች።