የስምንቱ ቤቶች ጣራ

የስምንት ቤት ጣራ በአንድ ሌሊት ተሰረቀ ተባለ። መርፌ አይደለም እኮ፣ ጣራ! የመቱ ከተማ ጉድ አለች።

ቤቶቹ የከተማው ናቸው። አርጅተው ሊወድቁ ሲሉ መንግሥት በጀት መደበላቸው፤ ታድሰው አቅም ለሌለው በርካሽ ይከራዩ ተባለ። ተከራዮቹም "ለጊዜው" ተብለው ወጥተው ዘመድ ጋ ተጠጉ። አሁን ግድግዳው ተለስኗል፣ በሩ ተገጥሟል። ከላይ ግን ባዶ እንጨት ነው።

ፖሊስ የቤቶቹን ጥበቃ ጎንፋን ያዘ።

"ቆርቆሮውን የት አደረስከው?"

"ኧረ ቆርቆሮ ኖሮ አያውቅም! ምኑን ልስረቅ?"

ማን ይስማው! የእድሳቱ ኃላፊ ናትናኤል ጣራው ተመትቶ ማለቁን ካሳወቀ ሰንብቷል። የኃላፊ ቃል እያለ የዘበኛ ቃል ማን ያዳምጣል?

ሻሽቱ፣ የጎንፋ ሚስት፣ ከተከራዮቹ አንዷ ናት፤ ልጆቿን ይዛ በእህቷ ጓዳ ተጠግታ ነበር። ወሬውን ስትሰማ መቀነቷን ጠበቅ አድርጋ ወደ ጣቢያ ገሰገሰች። ናትናኤል በር ላይ ጠበቃት።

"አዴ ሻሽቱ፣ ረጋ በይ። ባልሽ ጥፋቱን ይመን፤ ምሕረት እንዲያገኝ እኔ እጥራለሁ። የመጀመሪያው ቤት ያንቺ ነው። እምቢ ካልሽ ግን የሌባ ቤተሰብ ተብለሽ ቤቱን እርሺው።"

ከእህቷ ጓዳ ለመውጣት ስንት ጊዜ ተስላለች! ከዚያ ግን ንዴቷ ገነፈለ።

"ባሌን ሌባ አስብዬ ጣራ ሥር ልተኛ? ሞቼ ነው! ና፣ ይህንኑ ውስጥ ገብተህ ድገመው!"

ውስጥ ያለችው ከጎሬ በቅርቡ የተዛወረችው ኢንስፔክተር ህሊና ናት። ሻሽቱን ሰማች፤ ናትናኤልን አስቀመጠች።

"ቆርቆሮው መቼ ተመታ?"

"ከቡሄ ሁለት ቀን በፊት። ያኔውኑ አሳውቄያለሁ።"

"ማን መታው?"

"አናጢው ነመራ፣ ከነሠራተኞቹ።"

"የት ነው ያለው?"

"ቡሬ ሄዷል መሰለኝ። ስልኩም አይሠራ።"

"ሲመታ ያየ ሰው አለ?"

ናትናኤል ነገሩን ሊያጠብቅ ፈለገ። "እንዴት የለም! ጣራ ሲያልቅ አናጢ በደረቁ ይሸኛል እንዴ? በግ አርጄ ነመራን ከነሠራተኞቹ አብልቻለሁ። እሱማ ሁለቴ አስጨምሯል።"

ሻሽቱ ሳቀች። ጣቢያው ሁሉ ዞሮ አያት።

"በፍልሰታ?" አለች። "ነመራ እኮ የማርያም ማኅበራችን መሪ፣ ሙሴያችን ነው! በፍልሰታ ቅዳሴ ሳይወጣ ውሃ አይቀምስም። እሱ ነው ያንተን በግ የበላልህ? ያውም አስጨምሮ?"

የናትናኤል ቤት ፍልሰታን አይጾምም። እሱ ሥጋ ከቤቱ ጠፍቶ ስለማያውቅ፣ ጾሙ ትዝም አላለው። ግንባሩን ጠረገ።

"ቀኑን ተሳስቼ ይሆናል።"

"ቀኑን ያሳወቁት ራስዎ ነዎት" አለች ህሊና። "ይነሡ፣ ቤቶቹን እንያቸው።"

ሲደርሱ ዝናቡ ያካፋል። ሻሽቱ ማንንም ሳትጠብቅ መሰላሉን ያዘች።

"ውረጂ፣ ትወድቂያለሽ!" ብሎ ጮኸ ናትናኤል።

"ብወድቅም የምወድቀው ቤቴ ውስጥ ነው!"

ቆርቆሮ የሚመታበትን ሞራሌ በእጇ ዳሰሰች። "ኢንስፔክተር፣ ውጪና እዪ። ሚስማሩ በየት ገባ?"

ህሊናም ወጣች። እንጨቱ ከመሰንጠቂያው እንደመጣ ነው፤ አንድ የሚስማር ቀዳዳ የለበትም። ሌላውም ቤት እንደዚያው። ቆርቆሮ ቢነቀል ኖሮ እንጨቱ እንደ ወንፊት ይበሳሳ ነበር። ሁሉም ከመንገድ አይቶ "ጣራው የለም" አለ እንጂ ማንም ወጥቶ አላየም።

ነመራ የተገኘው ቡሬ አይደለም። ሶር ፏፏቴ አጠገብ፣ ስልክ የማይገባበት ቦታ ነበር። ጣቢያ መጥቶ ሁሉን ሲሰማ ራሱን ያዘ።

"ዋቃዮ፣ አምላኬ! የመቱው ቆርቆሮ አልደረሰም፣ እስኪመጣ የእንግዳ ማረፊያዬን ሥራልኝ አለኝ ናትናኤል። አዳራሹንም ጎጆዎቹንም ስመታ ከረምኩ። የእናንተን ጣራ ነው ለካ እዚያ የሰቀልኩት!"

ናትናኤል አንገቱን ደፋ። "ጎብኚ ሊጎርፍ ነው ሲባል ማረፊያውን ጀመርኩ፤ ባንክ ግን ብድር ነሳኝ" አለ በመጨረሻ። "በሚቀጥለው በጀት እተካዋለሁ ብዬ ነበር። ከክልል ድንገት ሊያዩ መጡ ሲባል ጎንፋ ሰረቀው ብዬ አወራሁ... ዘበኛ ነው፣ ማን ይጠይቅለታል አልኩ።"

"እኔ እጠይቅለታለኋ!" አለች ሻሽቱ። "ሚስት የለውም መስሎሃል?"

ናትናኤል እዚያው ጣቢያ ታስሮ ቀረ፤ ጎንፋ ተፈታ። ቆርቆሮው ከሶር ወርዶ በመኪና መቱ ገባ፤ የበፊቱ ቀዳዳ በሬንጅ ተደፈነ። የተመታው ሐሙስ ቀን ነው። ሻሽቱ ቀኑን አጣርታ በግ አረደች፤ ነመራም ከጣራው ወርዶ በላ፤ ሁለቴ አስጨመረ።

ማታ ዝናቡ ወረደ። ጎንፋ ቀና ብሎ አየ፤ ጠብታ የለም። ዓይኑ እንባ ሞላ። ሻሽቱ ግን በሩን በርግዳ ከፈተችና ወደ መንገዱ ጮኸች፦

"አሁን አለ! የሚሰርቅ ካለ ይምጣ!"