የቀኝ እግር ተራ

«ቁርጭምጭሚት» አለ እስማኤል።

ሦስቱ ልጆች ብስክሌታቸውን ከግድግዳው አስደግፈው ቁርጭምጭሚታቸውን ማዞር ጀመሩ። በሱዳኗ ገዳሪፍ ጁምዓ ጠዋት ትምህርት ቤት ዝግ ነው፤ ከእህል መጋዘኑ ጀርባ ያለው ሜዳም የእነሱ ይሆናል። ከዚህ ተነሥተው በሀዋታ መንገድ ይነዳሉ፣ ሙቀቱ ሲብስ ይመለሳሉ።

«ያ ዞል፣ እኛ እኮ ሙቀናል» አለ ሁዜይፋ። «እዚህ አገር የሚያስፈልገው ማቀዝቀዣ ነው።»

«ጡንቻ የአየር ጠባይ አያውቅም። አሁን ጭን።»

እስማኤል ግድግዳውን በአንድ እጁ ይዞ ግራ እግሩን ወደ ኋላ አጠፈ፤ ተረከዙ መቀመጫው ጋ ደረሰ። አሥራ ስምንት ዓመቱ ነው። ብስክሌት መንዳት ያስተማራቸውም የሰበሰባቸውም እሱ ነው። የቀኝ እግር ተራ ሲደርስ ግን እንደ ልማዱ በመሀላቸው እየዞረ ያርማቸው ጀመር። የዓባይነህን ትከሻ ገፋ፣ የሁዜይፋን ወገብ አቃና። የራሱን ቀኝ እግር አላጠፈም። ይህን ከሦስተኛው ልጅ ከሶፎኒያስ በቀር ያየ የለም። አራሚን ማን ያርማል?

ሶፎኒያስም ያወቀው በአጋጣሚ ነው። አምና እስማኤል ለሰሊጥ አጨዳ ወደ ፋሽጋ እርሻዎች ወርዶ ከትራክተር ተጎታች ላይ ወደቀ። ከርሞ ከአልጋ ሲነሣ ሁሉም ዳነ አሉ። አንድ ቀን ግን ሶፎኒያስ እናቱ ልካው ሲያልፍ፣ እስማኤል ከራሱ ቤት ኋላ ባለው ቀጭን መንገድ ብስክሌቱ ላይ ሆኖ ሲታገል አገኘው። ፔዳሉ ወደ ላይ ሲመጣ ጉልበቱ አልታጠፍ ይላል። ደጋግሞ ሞከረ። በመጨረሻ ወርዶ መሬት ላይ ተቀመጠ።

«ሐኪሙ ከዚህ በላይ አይታጠፍም ብሎኛል» አለ ቀና ብሎ ሲያየው። «አሁንም፣ ወደፊትም።» አቧራውን እያራገፈ፣ «ለልጆቹ እንዳትነግር። መጀመሪያ ያዝኑልኛል። ከዚያ ይለምዱታል።»

ከዚያ ወዲህ በየጁምዓው ያሟሙቃቸዋል፤ መነሻው ላይ ግን እሱን የሚያስቀር ነገር ይፈጠራል። አንዴ ጎማው ይተነፍሳል፣ አንዴ ሰንሰለቱ ይወልቃል። አንዴ አባቱ ሱቅ ጠብቅ አሉኝ ብሎ ቀረ፤ ሱቁ ጁምዓ እንደማይከፈት ማንም አላነሣበትም። ማሟሟቂያው ደግሞ በየሳምንቱ ይረዝማል። ድሮ ቁርጭምጭሚትና ጭን ብቻ ነበር። በኋላ አንገት መጣ፣ ከዚያ የእጅ አንጓ። ባለፈው ሳምንት የእግር ጣት ተጨመረ።

«ኸላስ፣ በቃ» አለ ሁዜይፋ እግሩን ለቅቆ። «ፀሐይዋ ጥላን ሄደች። ከሚመጣው ጁምዓ ጀምሮ ይሄን ነገር ትተን በቀጥታ እንንዳ። አንተም ጎማህን አስነፍተህ ና እንጂ፤ ስታሟሙቀን ብቻ ልትኖር ነው?»

«እኔም ትንሽ በዝቷል ባይ ነኝ» አለ ዓባይነህ፣ መሬት መሬት እያየ።

እስማኤል ሳቀ። «እውነታችሁን ነው። በዝቷል።»

ከዚያ ሶፎኒያስን አየው። ተናገርልኝ ይበል፣ ዝም በልልኝ ይበል፣ ዓይኑ ላይ አልለይ አለ።

ሶፎኒያስ ቢናገር ሁለቱ አፍረው ማሟሟቂያውን ይቀጥላሉ፤ እስማኤል ግን ከዚያ በኋላ መሪያቸው ሳይሆን የሚያዝኑለት ልጅ ይሆናል። ዝም ቢል ደግሞ እስማኤል በሚመጣው ጁምዓ ለምን ብሎ ይመጣል?

ሁለቱ ብስክሌታቸው ላይ ወጡ። «የላ፣ እንሂድ ሶፊ» አለ ሁዜይፋ።

«ቅደሙ። እኔ ቀኝ እግሬን አልጨረስኩም።»

«ጨርሰሃል እኮ፣ አይቼሃለሁ።»

«አልጨረስኩም። የሚመጣው ጁምዓም ሳልጨርስ አልነዳም። እናንተ ሂዱ።»

«ሽማግሌ» አለው ሁዜይፋ። ዓባይነህ ትንሽ አመነታ፤ ከዚያ ተከትሎት ሄደ።

እስማኤል ብስክሌቱን ይዞ ለመሄድ ተነሥቶ ነበር። «ሂድ አንተ» አለ። «አትደርስባቸውም።»

«አውቃለሁ።»

«ለእኔ ብለህ ከሆነ ተወው።»

ሶፎኒያስ ግድግዳውን ይዞ ቀኝ እግሩን ወደ ኋላ አጠፈ።

እስማኤል ብስክሌቱን መልሶ አስደግፎ፣ እርምጃውን ለማስተካከል ሳይሞክር፣ እያነከሰ መጣና አጠገቡ ቁጭ አለ። ቀኝ እግሩ ፊት ለፊቱ እንደተዘረጋ ነው። ሁለቱ ብስክሌቶች መንገዱ ላይ እየራቁ፣ እያነሱ ሄደው ጠፉ።

«ቶሎ አትልቀቀው» አለ እስማኤል።

ሶፎኒያስ እግሩን አልለቀቀም።