ክንድ ላይ የቀረው መርፌ

ፕሮፌሰሩ ቢሮው ውስጥ ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠ ሞቷል። ግራ እጅጌው ተጠቅልሏል፤ መርፌው የክንዱ ደም ሥር ላይ እንደተሰካ ነው። ጠረጴዛው ላይ ራሱ የሠራው የሙከራ መድኃኒት ብልቃጥ ባዶውን ቆሟል። አጠገቡ አንድ ብርጭቆ አለ፤ ከታጠበ ገና አልደረቀም። ለወራት ውኃ ያልነካቸው ሌሎች ብርጭቆዎች መስኮቱ ሥር ተደርድረዋል።

መርማሪዋ ጎንበስ ብላ ክንዱን አየች። መርፌው የገባበት ቦታ አልጠቆረም፣ አላበጠም። ባልደረቦቿ «እትዬ ለምን» ይሏታል። ሬሳ ከማየት ብዛት ማዘን ከተዋት ቆይቷል፤ መጠየቅ ግን አልተዋትም።

መጀመሪያ የምርምር ተቋሙን ዳይሬክተር አነጋገረች። የቢሮው ግድግዳ በፎቶ ተሞልቷል፤ በሁሉም ላይ ዳይሬክተሩ ያንኑ ብልቃጥ ከፍ አድርጎ ይዟል። መድኃኒቱ ከበሽተኛ ይልቅ ካሜራ ያየ ይመስላል።

«ስንቴ መከርኩት መሰለሽ፣ እህቴ! ‹በራስህ ላይ አትሞክር› ብዬዋለሁ። መብረቅ እኮ ነው! ገባ ማለት ጂንሽን፣ ዘረ መልሽን ገልብጦ ሌላ ሰው ያደርግሻል።»

«በቴሌቪዥንም እርስዎ በሽተኞች በአንድ ቀን ተነሡ ሲሉ ሰምቻለሁ።»

«እንግዲህ ካፍ ከወጣ አፋፍ» ብሎ ሳቀ። ከኪሱ የኪኒን ጠርሙስ አውጥቶ ነቀነቀና መልሶ ከተተው። ባዶ ነው። የፋርማሲው ወረቀት ላይ የተጻፈው የትናንት ቀን ነው።

«የልብ ነው?»

«የልብ።»

«ለምን ባዶ ሆነ?»

«ፈሰሰብኝ። በይ አሁን ሙከራውን ላዘጋ። ሰው የገደለ መድኃኒት ይቀጥላል እንዴ?»

ረዳት ተመራማሪዋ ቤተ ሙከራው ውስጥ የደረቀ ጠረጴዛ ደጋግማ ትወለውላለች። «አልቅሺ ይሉኛል» አለች። «እንባው እምቢ አለ።»

«ይሄ መድኃኒት ምንድን ነው የሚሠራው? እንደ እናትሽ ቁጠሪኝና አስረጂኝ።»

«የመብራት ማብሪያ ላይ ፕላስተር ተለጥፎ አልበራ አለ ይበሉ። ሽቦው ደህና ነው። በሽታውም እንደዚያ ነው፤ ጂኑ ሳይበላሽ ላዩ ላይ ምልክት ተለጥፎበት ዝም ብሏል። መድኃኒታችን ሽቦ አይነካም፣ ፕላስተር ነው የሚያስለቅቀው።»

«በአንዴ?»

«በአንዴማ የት ይገኛል! ሴሎቹ እየተከፋፈሉ አዲስ ሲተኩ ነው ቀስ በቀስ የሚለቀው። ሳምንታት ይፈጃል። ፕሮፍ ‹ኤሊዬ› ነበር የሚሉት። ነገ ለጋዜጠኞች ይህንኑ ሊናገሩ፣ የዳይሬክተሩንም ወሬ ሊያስተባብሉ ነበር።»

የሟች ታናሽ እህት ኮሪደሩ ላይ ተቀምጣለች። ከሙከራው በሽተኞች አንዷ ናት።

«ደሜ ታሞ በየሳምንቱ የሰው ደም ነበር የሚሰጠኝ። በዚህ መርፌ ምክንያት ከተውኩት ቆየሁ። ሙከራው ከተዘጋ እንግዲህ...»

«ማን ነው የሚወጋሽ?»

«ጋሼ ራሱ። ዛሬም ተራዬ ነበር።» ሸሚዟን ከፍ አደረገች። ሆዷ ላይ አዲስና አሮጌ ጥቁረት ተበታትኗል።

«ለምን ሆድሽ ላይ?»

«ቆዳ ሥር ነው የሚሰጠው። ሁላችንም ሆዳችን ላይ ነው። ጋሼ ‹ነብር አስመሰልኩሽ› እያለ ይስቅብኛል።» በሕይወት እንዳለ ሁሉ ‹ይስቅብኛል› ማለቷን ራሷ ሰማችው። ሸሚዟን መለሰች።

በማግሥቱ የሟች የደም ምርመራ ውጤት ሲመጣ፣ መርማሪዋ ሦስቱንም ስብሰባ አዳራሽ ጠራቻቸው።

«በሕይወት ያለ ሰው ሲወጋ ደም ይቋጥራል፤ እህቱ ሆድ ላይ እንዳየሁት። የፕሮፌሰሩ ክንድ አልጠቆረም። መርፌው የገባው ልቡ ከቆመ በኋላ ነው፤ ሬሳ ደግሞ ራሱን አይወጋም። ለምን ተወጋ? መድኃኒቱ ገደለው እንዲባል። ግን ይህ መድኃኒት በአንድ ቀን አይሠራም፣ ክንድ ላይም አይወጋም። ረዳቷ ይህን በትምህርቷ ታውቃለች፣ እህቱ በቆዳዋ። የማያውቀው ስለ መድኃኒቱ በየአዳራሹ የሚያስተምረው ሰው ብቻ ነው።»

«አውቃ እንደማታውቅ ሆና ቢሆንስ?» አለ ዳይሬክተሩ፣ ረዳቷን እየጠቆመ።

«ይህንንም ራሴን ጠይቄያለሁ። በሟች ደም ውስጥ የተገኘው እርስዎ የሚወስዱት የልብ መድኃኒት ነው፤ ያለ ልክ። በዚያ በታጠበው ብርጭቆ ነው የጠጣው። ‹ኪኒኔን ሰርቀውኝ ነው› ሊሉኝ ይችሉ ነበር። ግን ‹ፈሰሰብኝ› ብለዋል፤ ስለዚህ ከእጅዎ አልወጣም። ካፍ ከወጣ አፋፍ። ፕሮፌሰሩ ዛሬ አፍ አውጥቶ ወሬዎን ሊያስተባብል ነበር። ሙከራው ከተዘጋ ግን፣ በአንድ ቀን ተነሡ ያሏቸውን በሽተኞች አሳየን የሚል አይኖርም።»

ዳይሬክተሩ ከልማድ እጁን ወደ ኪሱ ሰደደ፤ ባዶውን መለሰው።

«ለምኜው ነበር» አለ። «ዝም እንዲል ብቻ።»

በር ላይ ሲጠብቁ የነበሩት ፖሊሶች ይዘውት ወጡ።

«ሙከራው ይዘጋል?» አለች እህት።

«መድኃኒቱ ማንንም አልገደለም ብዬ ጽፌ ልኬያለሁ። ይቀጥላል» አለች መርማሪዋ። ለመጀመሪያ ጊዜ የምትጠይቀው አጣች።

ረዳቷ እጇን ታጥባ ጓንት አጠለቀች። እህትን ወደ መርፌ ክፍሉ ይዛት ገባች፤ ሆዷ ላይ ያልጠቆረ ቦታ ፈልጋ ወጋቻት።

«አመመሽ?»

«ምንም አይሰማኝም። የጋሼም ነገር ቢሆን... ምንም።»

ረዳቷ ጥጡን ጫን አድርጋ ያዘችላት። «ቀስ ብሎ ነው የሚመጣው» አለች።

እህት ሸሚዟን ቆለፈች። አልተነሣችም፤ እዚያው ተቀምጣ ጠበቀች።