የናሙናው አግዳሚ

ሰውየው የሞተው ራሱ በነደፈው ፌርማታ ሥር ነው። ዘበኛው ጠዋት ግቢውን ሊጠርግ ሲገባ በጀርባው ተንጋሎ አገኘው፤ ማጅራቱ ከምልክቱ ቋሚ የኮንክሪት እግር ላይ አርፎ፣ አንድ ጫማው ወልቆ።

መርማሪዋ ስትደርስ ፀሐይ ቆርቆሮውን ማጋል ጀምራለች። በሁለት አውቶቡስ ነው የመጣችው፤ በሁለቱም ቆማ። መሥሪያ ቤቷ ውስጥ ከፊቷ «መርማሪ»፣ ዞር ስትል ደግሞ «ቆይ» ይሏታል። ሰው ሁሉ መዝገብ ሊዘጋ ሲጣደፍ እሷ «ቆይ» ስለምትል ነው። ጉልበቷን ካመማት ከርሟል፤ ሐኪም እረፊ ብሏታል፣ እሷም እሺ ብላ አላረፈችም።

ቦታው የከተማው አውቶቡስ ድርጅት ወርክሾፕ ነው። አሮጌዎቹ ፌርማታዎች ሁሉ ተነቅለው በአዲስ መልክ ሊተኩ ስለሆነ፣ ግቢው መካከል ናሙናው ቆሟል። ሰማያዊ ጣሪያ፣ የመስታወት ጀርባ፣ በእንጨት ርብራብ የተሸፈነ አግዳሚ፣ ከጎኑም ቢጫ ቋሚ ላይ የተሰቀለ ክብ ምልክት።

ቋሚውን ቀርባ አየችው። ትከሻ በሚያህል ከፍታ ላይ ቀለሙ ተልጧል፤ ሰው በመዳፉ የያዘው ይመስላል። ሬሳው ሳይነሣ የገለጠችው የሟች ሸሚዝ ደረቱ ላይ ቢጫ ነክቶታል።

«ይሄን ማን ቀባው?» አለች ዘበኛውን።

«ራሱ ነው እትዬ። የመጨረሻውን የቀለም እጅ ለሰው አይሰጥም። ትናንት ከምሳ በኋላ ሲቀባ አይቼዋለሁ።»

ደክሟት አግዳሚው ላይ ልትቀመጥ ሞከረች። ወደፊት ገፋት። እግሯን መሬት ላይ ተክላ ትንሽ ታገለችውና ተነሣች።

«ይሄ ደግሞ ማስቀመጫ ነው መጣያ?»

ዘበኛው ሳቅ አለ። «እኛንም እንዲሁ ነው የጣለን። እዚህ ልማድ አለ፤ ናሙና ሲቆም የግቢው ሰው ሁሉ ይቀመጥበታል። እሱ ነው ያመጣው። ገንዘብ ያዧን ሳይቀር አስቀምጧታል። ሱሪው ያሳዘነው ካልሆነ በቀር ያልተቀመጠ የለም።»

በያጁ ብረት ማከማቻው ውስጥ፣ አንድ ፖሊስ አጠገቡ ቆሞ፣ የተገለበጠ ቆርቆሮ ላይ ተቀምጧል። የሟች ታናሽ ወንድም ነው። ትናንት ሁለቱ ሲጯጯሁ ግቢው ሁሉ ሰምቷል፤ ስለዚህ ፖሊሶቹ ሌላ ሰው ፍለጋ አልደከሙም።

«በምን ተጣላችሁ?»

«በአግዳሚው። ኃላፊዋ ዘቅዘቅ ተደርጎ ይበየድ አለች። ከትናንት በስቲያ በየድኩት፤ ትናንት እሱ ቁረጠውና አስተካክለው አለኝ። የታዘዝኩትን ነው የምበይደው አልኩት።»

«ከዚያስ?»

«እናታችን ትቀመጥበታለች አለኝ።» የጓንቱን ጣቶች አንድ በአንድ መጎተት ያዘ። «ትቁማ አልኩት። መጨረሻ ያልኩት ቃል ይቺ ናት። በጓሮ በር ወጥቼ ሄድኩ።»

«ስትወጣ ያየህ አለ?»

«የለም።»

ጓንቱን ተቀብላ አገላበጠችው። ጥላሸት፣ ቃጠሎ፣ ዝገት። ቢጫ የለበትም። እጁም ላይ የለም።

ኃላፊዋ ቢሮዋ ውስጥ ዓይኗ ቀልቶ ጠበቀቻት። «ጎበዝ ሰው ነበር። ግትር ነው እንጂ።»

«ግትርነቱ ያስቸገረው ማንን ነው?»

«ሁላችንንም። ትናንት ጠዋት የጎኑ የማስታወቂያ ሰሌዳ ይነሣ አለ። የሚመጣውን አውቶቡስ ይከልላል፣ አሮጊቶች እስኪያዩት ያልፋቸዋል አለኝ። ሄጄ አየሁ፤ እውነቱን ነው። ይነሣ ብዬ ወሰንኩና ወደ ስብሰባ ሄድኩ። እስከ ማታ ከአለቆቼ ጋር ነበርኩ።»

«የሰሌዳው ባለቤት ምን አለ?»

«ባለማስታወቂያው? ቦታውን ለደንበኞቹ ሊሰጥ ቃል ገብቶ ነበር። ደስ አላለውም።»

ባለማስታወቂያው ተጠርቶ ወደ ቢሮው ሲገባ ወንበሩን አየት አደረገ፤ ኪሱን ዳበሰ፤ ከጠረጴዛው ላይ ወረቀት አንሥቶ ወንበሩን ጠረገና ተቀመጠ። የሱሪው ተኩስ እጅ ይቆርጣል።

«ትናንት አግኝተውታል?» አለችው።

«ሥራ መውጫ ላይ ልሰናበተው ጎራ ብዬ ነበር። ተኝቷል። አግዳሚው ላይ በጀርባው ተንጋሎ፣ ጋዜጣ ፊቱ ላይ ጥሎ። አልቀሰቀስኩትም።»

«እግሩስ?»

«ዘርግቶ ነዋ። እንደ ቤቱ።»

«እንቅልፉ ከባድ ነበር?»

«ያንኮራፋ ነበር እንዲያውም። ወንድሙ ከወዲያ ብረት ይቆርጣል፤ እሱ ግን ምንም አልመሰለው። ሁለቱን ትቼ ወጣሁ። እንግዲህ ሌላውን እናንተ ታውቃላችሁ።»

«አዎ» አለች መርማሪዋ፤ «እኛ እናውቃለን።»

ስትወጣ የሁለቱ ወንድማማቾች እናት በሩ ጋ ግድግዳ ተደግፈው ቆመዋል። ነጠላቸው ትከሻቸው ላይ መቆም አቅቶታል።

«አንዱን ሬሳ ክፍል አስገባችሁት። ሁለተኛውን ደግሞ ወዴት ነው የምትወስዱት?»

«ትንሽ ይቆዩ እማማ።»

«ስንት ልቆይ ልጄ? ዕድሜዬን ሙሉ ስቆይ አይደል እንዴ የኖርኩት?»

 ስልኳ ጮኸ። አለቃዋ ነው፤ በያጁን ዛሬውኑ ፍርድ ቤት እናቅርበው ይላል።

«ቆይ» አለችውና ዘጋችው።

ከዚያ ሁሉንም ናሙናው ሥር ሰበሰበች። ኃላፊዋ ጥላ ይዛለች። በያጁ በሁለት ፖሊሶች መካከል፣ እናቱ በዘበኛው ክንድ ተደግፈው። ባለማስታወቂያው ሰዓቱን ያያል።

«አላስቸግራችሁም» አለች መርማሪዋ፤ «እኔም ደክሞኛል። አንድ ነገር ብቻ ያሳዩኝ ጌታዬ። ሟቹ እንዴት ነበር የተኛው?»

«ነገርኩዎት እኮ።»

«ይተኙና ያሳዩኝ።»

«እዚህ ላይ? በዚህ ልብስ?»

«ልብሱን እኔ አሳጥባለሁ።»

ዘበኛው ጉሮሮውን ጠረገ። ባለማስታወቂያው ሰው ሁሉ እያየው ስለሆነ ተቀመጠ፤ እግሩን አንሥቶ ተንጋለለ። ወዲያው ርብራቡ ወደፊት አንሸራተተው። የአግዳሚውን ጠርዝ ያዘ፤ አልሆነለትም። በጎኑ መሬት ላይ ወረደ። ማንም አልሳቀም። አቧራውን ሳያራግፍ ተነሣ።

«ወይዘሮ፣ ይሄ አግዳሚ ለምን ተዘቀዘቀ?» አለች መርማሪዋ ወደ ኃላፊዋ ዞር ብላ።

«ሰው እየተኛበት ነው የሚል አቤቱታ መጣብን። ማንም እንዳይተኛበት ብዬ... እኔ ነኝ ያዘዝኩት።»

«ማንም አልተኛበትም። የሞተውም ሰው ቢሆን። ከፊት ሲያዩት እንደማንኛውም አግዳሚ ነው፤ መዝቀዝቀዙን የሚያውቀው የተቀመጠበት ብቻ ነው። ግቢው ሁሉ ተቀምጦበታል። ስለዚህ ከዚህ ግቢ ሰው መካከል፣ ውሸት ቢያስፈልገው እንኳ፣ ‹ተኝቶ ያንኮራፋ ነበር› ብሎ የሚዋሽ አይገኝም። እርስዎ ግን ለሱሪዎ ሲሉ አልተቀመጡበትም። ፌርማታ ላይም ቆመው አያውቁም፤ መኪና አለዎት። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል።»

«ተሳስቼ ሊሆን ይችላል። ቁጭ ብሎ ሊሆን ይችላል።»

«ቆይ። ቋሚው ትናንት ከሰዓት ነው የተቀባው። አንድ ሰው ሲከራከር ያዘው፤ ቀለሙ ተላጠ። በዚያው እጁ ሟቹን ደረቱ ላይ ገፋው፤ ሸሚዙ ቢጫ ሆነ። ሟቹ ወደ ኋላ ወድቆ ማጅራቱ ኮንክሪቱን መታው። የበያጁ ጓንት ቢጫ አልነካውም፤ እጁም አልነካውም። የገፋው ሰው ግን እጁን በአንድ ነገር መጥረግ ነበረበት። እርስዎ ሳይጠርጉ አይቀመጡም። ዛሬ ኪስዎን ዳብሰው መሐረብ አጡና ወንበሩን በወረቀት ጠረጉ። መሐረብዎ የት ሄደ?»

እጁ ወደ ባዶ ኪሱ ሄደ።

«መኪናውን እንፈትሽ?» አለ አንዱ ፖሊስ።

«ከመቀመጫው ሥር ነው» አለ ባለማስታወቂያው ቀስ ብሎ። «ሰሌዳውን መልስልኝ ብዬ ለመንኩት። ‹አንድ ቀን እንኳ አውቶቡስ ጠብቀህ ታውቃለህ?› አለኝ። ገፋሁት። አንድ ጊዜ ነው የገፋሁት።»

«አንድ ጊዜ የገፋኸው አንተ ነህ» አሉ እናትየው። «የኔን ሁለተኛ ልጅ ግን አስበህበት ነው የገፋኸው።»

ሲወስዱት ዘወር ብሎ አላየም። መሐረቡን ፖሊሱ ይዞት መጣ፤ ቢጫው ደርቆበታል።

እናትየው መቀመጫ ፈልገው ዞር ዞር አሉ። ዘበኛው ወደ አግዳሚው ወሰዳቸው፤ ተቀመጡ፤ አንሸራተታቸው። ዘበኛው ባይይዛቸው ወድቀው ነበር።

በያጁ ይህን አየ። ማንንም ሳያስፈቅድ ማከማቻው ገባና የብረት መቁረጫውን፣ የብየዳ መነጽሩን ይዞ ወጣ። ኃላፊዋ አፏን ከፈተች፤ እናትየውን አየች፤ ጥላዋን አጠፈች።

«ትእዛዙ...» አለ በያጁ።

«ቁረጠው» አለች።

የአግዳሚውን የኋላ እግር ቆርጦ ዝቅ አደረገና መልሶ በየደው። የብረት ብናኙ የሚፈናጠረው ወንድሙ ወድቆበት በነበረው ኮንክሪት ላይ ነው። ሲጨርስ መነጽሩን አላወለቀም፤ ከሥሩ ጉንጩ ርሷል። ብረቱ እስኪበርድ ሁሉም ቆመው ጠበቁ።

«እማዬ፣ ነይ ተቀመጪ» አለ።

ተቀመጡ። አልገፋቸውም። እጃቸውን ርብራቡ ላይ ዘርግተው እንጨቱን ዳበሱት።

መርማሪዋ ጫማዋን አውልቃ አጠገባቸው አረፍ አለች። ስልኳ ጮኸ፤ አለቃዋ ነው። አላነሣችውም።