ስድስት ወፍራም ዶሮዎች

የጥፍር ቀለሙ የኢኽላስን ጣት አቀላው። የዶሮዋን እግር ለቀቀችና ጣቷን አሸተተችው። ቀለሙ ገና አልደረቀም። እሷና ሎሚ ዶሮዎቹን ለመጨረሻ ጊዜ ምልክት የቀቧቸው ግን ባለፈው ሳምንት ነው።

የትምህርት ቤቱ ግቢ በወንበርና በጠረጴዛ ጉተታ ይንጫጫል። የሳይንስ ኤግዚቢሽኑ ሊከፈት ትንሽ ቀርቶታል። ከፊቷ ሁለት የሽቦ ሳጥኖች ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። በግራው ውስጥ ያሉትን ስድስት ዶሮዎች አንድ በአንድ ታውቃቸዋለች፤ ካዛንቺስ ቤታቸው ጓሮ ከጫጩትነታቸው ጀምሮ ያሳደገቻቸው ናቸው። በቀኙ ላይ «ፕሮባዮቲክ የጠጡ» የሚል ወረቀት ተለጥፏል። ውስጡ ያሉት ስድስቱ ደረታቸው ሞልቶ መቆም ያቃታቸው ወፍራሞች ናቸው። እነዚህ ደግሞ እነማን ናቸው?

«ሎሚ፣ የኛዎቹ የት ሄዱ?»

ሎሚ፣ የሙከራው ተጋሪና የልብ ጓደኛዋ፣ ጠረጴዛው ላይ ጨርቅ እያነጠፈች ቀና አላለችም። «የትኞቹ?»

«አትቀልጂብኝ! ባለ ቀዮቹ ናቸዋ!»

«እሺ በቃ፣ አትጩሂ። ኡራኤል ያለው ዶሮ ሻጭ ጋ ቀየርኳቸው። ማለቴ፣ ጠዋት ስንመጣ ወንድሜ አነጋገረልኝ።»

ለካ ለዚህ ነው ማለዳ ከወንድሟ ጋር በመኪና መጥታ «አንቺ አትልፊ፣ እኛ እናደርሳቸዋለን» ያለቻት። ኢኽላስ ደግሞ እንደ ደህና ሰው አመስግናት ነበር።

ሙከራው ቀላል ነበር። ፕሮባዮቲክ ለአንጀት የሚጠቅሙ ሕያው ባክቴሪያዎች ያሉበት ዱቄት ነው። በውሃ በጥብጠው ለሥጋ ዶሮ ሲያጠጡት መኖው በደንብ ይፈጭለታል፣ ተቅማጡም ይቀንስለታል ይባላል። እግራቸው ቀይ የተቀባው ስድስቱ ዱቄቱን ጠጡ፣ ሌሎቹ ባዶ ውሃ። መኖውም ሰጋቱራውም አንድ ዓይነት ነው። ሎሚ ትመዝናለች፣ ኢኽላስ የቆሸሸውን ሰጋቱራ ትጠርጋለች። ሽታው ከዩኒፎርማቸው አልለቅ ስላለ የክፍል ልጆች በዶሮ ሳጥኑ «ኬጅ» የሚል ስም አወጡላቸው። ያን ሁሉ ችለው በመጨረሻ ሲመዝኗቸው ምንም ልዩነት የለም። ባለ ቀዮቹም እንደ ሌሎቹ ከሲታ ናቸው፣ ኩሳቸውም እንደ ሌሎቹ ውሃ።

ምክንያቱን ያገኘችው ኢኽላስ ናት። በዚያ ሰሞን ከተማው ውስጥ አተት ገብቷል ተብሎ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ በየቤቱ እየዞረች «ውሃ ሳታክሙ እንዳትጠጡ» ትል ነበር። የኢኽላስ እናት ደግሞ ለጥንቃቄ ማን ይችላታል? በርሜሉ ውስጥ ክሎሪን ትጨምራለች፣ ልቧ አላርፍ ሲላት ትደግመዋለች። ዶሮዎቹ የሚጠጡት ከዚያው በርሜል ነው። ክሎሪን ደግሞ መጥፎውን ባክቴሪያ ከጥሩው አይለይም። ሐሙስ ዕለት ኢኽላስ የዱቄቱ ማሸጊያ ላይ ክሎሪን ባለበት ውሃ እንዳይበጠበጥ የሚለውን ማስጠንቀቂያ ስታነብ መጀመሪያ ጭንቅላቷን ያዘች፣ ከዚያ ሳቀች። ወዲያው ለሎሚ ደወለችላት።

«ገባኝ! ዱቄቱ ለምን እንዳልሠራ የገባኝ ይመስለኛል! ይሄንኑ እናቀርባለን!»

«አሪፍ ነው» ብላት ነበር ሎሚ።

አሪፍ ነው! አሁን ያንን አሪፍ ነገር አንስታ ለዶሮ ሻጭ ሰጥታዋለች።

«ኢኽላስ፣ አታካብጂ» አለች ሎሚ። «አልሠራልንም ብሎ ኤግዚቢሽን የሚያቀርብ ማነው? ይሄን ሁሉ ጊዜ ‹ኬጅ፣ ኬጅ› እያሉ ሙድ ይዘውብናል። ዛሬ ደግሞ የከሱ ዶሮዎች ይዘን እንቁምላቸው? አንቺ ግድ የለሽም። እኔ ደክሞኛል።» ዓይኗ እንባ አቀረረ።

ኢኽላስ ልታዝንላት ፈለገች፣ አልቻለችም። ትታት ወደ ባዮሎጂ አስተማሪያቸው ሮጠች።

«ቲቸር፣ ባለ ቀዮቹ ዶሮዎች የኛ አይደሉም። ተቀይረዋል።»

ቲቸር ገብረዋህድ ግራ ቀኙን አዩ። «ድምፅሽን ቀንሺ። ፕሮባዮቲክ ይጠቅማል አይደል? መጽሐፉም ይላል። እናንተም የምታሳዩት ያንኑ ነው። ዶሮ ዶሮ ነው፣ በቃ። እንግዶቹ በር ላይ ናቸው፣ እንዳታሳፍሪኝ።»

ዶሮ ዶሮ ነው! «መላምት፣ ሙከራ፣ ውጤት» እያሉ ሰሌዳ ሲሞሉ የከረሙት ሰውዬ! ኢኽላስ ወደ ጠረጴዛው ተመለሰች። የሚያስለቅስ ነገር ሆኖ ሳለ እንባ አልመጣላትም፣ ንዴት ብቻ።

እንግዶቹ ጠረጴዛ በጠረጴዛ እያዩ መጡ። ከወላጆች ወኪል ሆነው የመጡት ወይዘሮ የሺሃረግ ወፍራሞቹን ዶሮዎች ሲያዩ ከሳጥኑ ፊት ተገትረው ቀሩ።

«ፐ! ዱቄቱን የጠጡት እነዚህ ናቸው?» አሉ። «እኔም ወሎ ሰፈር ጓሮዬ ውስጥ ጥቂት አሉኝ። ሰሞኑን ተቅማጥ ይዟቸው እያለቁብኝ ነው። ውሃቸውን እንኳን እንደኛው በክሎሪን አክሜ ነው የምሰጣቸው። ይሄን ዱቄት ልግዛላቸዋ?»

«ውጤቱን በዓይንዎ እያዩት ነው» አሉ ቲቸር ገብረዋህድ ፈገግ ብለው። «ኢኽላስ፣ እስቲ አስረጂያቸው።»

ሎሚ ከጠረጴዛው ሥር የኢኽላስን እጅጌ ጨምድዳ ያዘች። ኢኽላስ ዞር ብላ ሳታያት ምን እንደምትለምናት ታውቃለች። ዛሬ ከተናገረች ነገ ክፍል ውስጥ ሎሚ አጠገቧ ላትቀመጥ ትችላለች። ዝም ካለች ደግሞ እኚህ ሴት ዱቄቱን ገዝተው ይሄዳሉ፤ ከክሎሪኑ ውሃ ጋር ይበጠብጡታል፤ ዶሮዎቻቸውም ያልቃሉ።

«እትዬ፣ እነዚህን ዶሮዎች አላውቃቸውም» አለች።

የቲቸር ፈገግታ ፊታቸው ላይ ደረቀ። ወይዘሮ የሺሃረግ ግራ ገብቷቸው አዩዋት። «እንዴት ማለት ልጄ?»

«እኛ ያሳደግናቸው ከስተው ነበር። ዱቄቱን ጠጥተውም ከሱ። ለምን እንደሆነ ልንገርዎት፤ የእርስዎም ውሃ እንደኛው ነው።»

ወይዘሮዋ ቦርሳቸውን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠው ጠጋ አሉ። ሎሚ እጅጌዋን ለቀቀች። ኢኽላስ መናገሯን ቀጠለች።